ነጯን ለማን መረጥካት?

ኅዳር 6

«ጋሼ ከእንግዲህ ብዙ አይነዳም። ስለዚህ ነጯን ግፉለት። ቁልፉ ውሎ አድሮ እትዬ እጅ ነው የሚገባው።»

ቃል በቃል ይኸው ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የነገረኝ የመኪና መሸጫው ሠራተኛ ነው፤ ነጯን ሲያስረክበኝ፣ ያውም በደግነት። «ወንድምዎ እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው!» አለኝ። «ምን ብሎ አሰበልኝ?» አልኩት። ነገረኝ። ድገምልኝ አልኩት፤ ደገመልኝ። አሁንም ድገም ስለው ፈገግታው ከፊቱ ጠፋና «እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ፣ የሰማሁትን ነው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩት።

ሰላምታ አልጽፍልህም። ስለ ጤናህ የምጠይቅህ ይህ ነገር ሲጠራ ነው።

መርሳት ስለሚቀናህ ከመጀመሪያው ላስታውስህ። አሮጌዋ መኪናዬ ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ መዋል ስታበዛ ትንሽ ኤስዩቪ ልግዛ ብዬ ወሰንኩ። ለሽርሽር አይደለም፣ ተራራ ለመውጣትም አይደለም፤ ለዕለት ተዕለት ነው። ጠዋት ባለቤቴን ክሊኒኳ በር ላይ ላወርዳት፣ ከዚያ ላብራቶሪዬ ልሄድ፣ ማታ እሷን ይዤ ልመለስ። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ ግራጫዋና ነጯ። ግራጫዋ ባለ ማርሽ ናት፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ነዳጅ የማታባክን፣ መለዋወጫዋ የትም የሚገኝ። ነጯ ኦቶማቲክ ናት። መስኮቷ ሰፊ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ጎኗ ላይ የሆነ ነገር በቀረበ ቁጥር እንደ ጫጩት ትጮሃለች፣ ምንም በሌለበትም ትጮሃለች። በእኔ ሚዛን ግራጫዋ በሰፊው አሸንፋለች።

ያም ሆኖ አንተን አስጠራሁህ። መኪና መንዳት የሚያስተምር ወንድም እያለኝ የሻጭ ምላስ ለምን አምናለሁ ብዬ ነው። ካለህበት ከተማ ድረስ መጣህ። ሁለቱንም እየነዳሁ ከጎኔ ተቀመጥክ። ስንወርድ ትከሻዬን ይዘህ «ጋሼ፣ ነጯን ውሰድ። በዚህ መጨናነቅ ፍሪሲዮን ሲረግጡ መዋል ጉልበት ይጨርሳል» አልከኝ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም። ግን ሙያህን አክብሬ የራሴን ሚዛን ተውኩና ነጯን ገዛሁ።

አሁን መልስ። ይህን ነገር ለሻጩ ብለሃል ወይስ አላልክም? ብለህ ከሆነ፣ ከእንግዲህ ብዙ እንደማልነዳ የወሰነው ማን ነው? እኔ የስንት ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ነው ቁልፌ በባለቤቴ እጅ የሚገባው? ገና ጡረታ አልወጣሁም።

እንዳትደውል። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ይሆናል። ጻፍ።

ታላቅ ወንድምህ


ኅዳር 15

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፣

አንተ ሰላምታ ብትነፍገኝም እኔ አልነፍግህም። እንዴት ከረምክ? ሥራ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሁለት ጥርስ አብቅላ እናቷን መንከስ ጀምራለች። ሚስቴ «በአጎቷ ወጣች» ትላለች፤ ቀልድ ነው፣ እንዳትቆጣ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ተማሪ ይዤ ልወጣ ስል ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ከፈትኩት። ተማሪዋ ገና ጀማሪ ናት፤ እኔ እስካነብ ሞተሩን አስነስታ ታጠፋለች፣ አስነስታ ታጠፋለች። በመጨረሻ «መምህር፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው የጻፈልኝ» አልኳት። «ታዲያ ለምንድነው ላብ ያጠመቀህ?» አለች። ያን ቀን እሷ ነች እኔን ያስተማረችኝ ማለት ይቻላል።

የሻጩን ነገር ያን ያህል ወደ ልብህ አታስገባው። ሻጭ ጋ ስትገባ የሆነ ነገር ማውራት አለ። ትንሽ ቅናሽ ቢያደርግልን ብዬ አንጀቱን ልበላ የተናገርኩት ነው። ወንድሜ እየደከመ ነው፣ ሚስቱም መሪ መያዟ አይቀርም፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። እሱ ደግሞ ቁም ነገር አድርጎ ይዞት ኖሯል። ያስቀየምኩህ ከሆነ ከልቤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ነጯ ጥሩ መኪና ናት። በዚህ አልዋሸሁህም። ለከተማ፣ ለጠዋትና ማታ፣ እንደሷ የሚመች አታገኝም። ትንሽ ታገሣትና ትለምዳታለህ። ጩኸቷንም ትለምደዋለህ።

እትዬን በጣም ሰላም በልልኝ። የግራ እግሯ ሕመም ተሻላት?

ታናሽ ወንድምህ


ኅዳር 21

«በዚህ አልዋሸሁህም» ብለሃል። እሺ፤ በየትኛው ነው የዋሸኸኝ?

ሥራዬን ታውቃለህ። ከየግንባታው የሚመጣልኝን ኮንክሪት እየጨመቅኩ የትኛው እንደሚሸከም፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ እናገራለሁ። የቆምክበትን ዓረፍተ ነገር ጨመቅኩት፤ ተሰነጠቀ። ቅናሽ ለማስደረግ ነው አልክ። ሻጩ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተናገርክም። ያወራኸው ስለ መቀመጫው ነው። አጠር ላለ ሰው መቀመጫው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ምን ያህል ወደፊት እንደሚጠጋ ጠይቀሃል። እኔ ስገባ ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። አጠር ያለው ሰው ማን ነው?

የእትዬህን እግርም ጠይቀሃል። ከእሷ ጋር አንድ ቤት የምኖረው እኔ ስለ ግራ እግሯ ሕመም የሰማሁት ካንተ ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። ከዚያ ባለፈው እሑድ እንዲህ ሆነ። ነጯ ቤት ከመጣች ጀምሮ ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። መንጃ ፈቃድ አላት፤ ግን ካወጣችው ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው። እሑድ ዕለት ቦርሳዋን ከመኪናው ልታወጣ ገብታ ሳታስበው መሪው ላይ ተቀመጠች። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። መቀመጫውን ሳበች። በሁለት ጣቷ የመሐሉን ስፖኪዮ ጠርዝ ነካ ነካ አድርጋ አስተካከለች። ከዚያ ቀበቶውን ይዛ ደረቷ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

መቀመጫ፣ ስፖኪዮ፣ ቀበቶ፣ መታ መታ። ይህ ያንተ ነው። ተማሪዎችህ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ከመቶ ሰው መሐል ያንተን ተማሪ እለያለሁ። ይህን ደግሞ እኔ አላስተማርኩህም፤ ራስህ ያመጣኸው ነው።

ልጃችሁ የተወለደች ሰሞን «አራሷን ልርዳ» ብላ እናንተ ጋ ሰነበተች። እኔ ነኝ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ የሸኘኋት። ሻንጣዋን ተሸክሜ። የሄደችው መንዳት ልትማር ነበር! እግሯንም ያመማት ባንተ ማሠልጠኛ መኪና ፍሪሲዮን ስትረግጥ ነው።

ማታ ጠየቅኳት። «እሱን ጠይቀው» አለችኝ። ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች።

እንግዲህ ይኸው እየጠየቅኩህ ነው። ይህን ነገር ከሁለታችሁ ማን ጀመረው? ከመቼ ጀምሮ ነው የምትማከሩብኝ? እኔ ሁለት መኪና ይዤ ከጎማ እስከ ጣሪያ ሳወዳድር፣ እናንተ ምን እያወዳደራችሁ ነበር?

ታላቅ ወንድምህ


ኅዳር 27

ጋሼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልሱን ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ደግሜ ጀምሬ ደግሜ ቀድጄዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ፤ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንህ። ነጯን እትዬ ትያዝ። ለጊዜው ብቻ። በእናታችን ይሁንብህ።

ታናሽህ


ታኅሣሥ 1

ለልመናህ ምክንያት አልሰጠህም። ምክንያት ለሌለው ነገር በእናታችን አትማጠነኝ፤ እሷም በሕይወት ብትኖር «ለምን?» ትልህ ነበር።

ምክንያቱን ጻፍ። እስክትጽፍ ድረስ ጠዋትም ማታም ነጯን የምነዳት እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድምህ


ታኅሣሥ 5

ለታላቅ ወንድሜ፣

እሺ። ማታም ጠዋትም እነዳለሁ ስላልከኝ ነው የምጽፈው። ባትለው ኖሮ አሁንም ዝም ባልኩ፤ ፈሪ ነኝ፣ ታውቀኛለህ።

ለሻጩ ያልኩት እውነት ነው። ቃሌ ነው። ስለ ቅናሽ የጻፍኩልህ ውሸት ነው። እትዬንም አስተምሬያታለሁ። ጎበዝ ናት፤ አደባባይ አትፈራም፣ ወደኋላ ስትሄድ ካንተ ትሻላለች። «ማን ጀመረው» ላልከው ግን አልመልስልህም። ከፈለግክ እኔ ጀመርኩት በል።

ያን ቀን እኔ መኪናዎቹን እየፈተንኩ አልነበረም ጋሼ። አንተን ነበር።

መጀመሪያ በግራጫዋ ወጣን። አንተ ስለ ካምቢዮዋ እያስረዳኸኝ ነበር፤ ማርሹ እንዴት ልስልስ ብሎ እንደሚገባ። አደባባዩ ጋ ደረስን። በግራ በኩል አንድ ሰውዬ በብስክሌት ይመጣ ነበር፤ ከኋላው ጀሪካን አስሯል። ደረቱን ሰጥቶ ነው የሚመጣው፣ ቅድሚያው የሱ ነው፣ ሜዳ ላይ እንዳለ ሰው ወለል ብሎ ይታያል። አንተ ወደሱ አቅጣጫ ዞረህ ሁሉ ነበር። ፊትህ ዞሯል። ግን አላየኸውም፤ ገባህ። እግሬ ፍሬን ፈለገ። የኛ የማሠልጠኛ መኪና በአሠልጣኙም በኩል ፍሬን አለው፤ እግሬ የለመደው እሱን ነው። ባዶ ወለል ረገጥኩ። የቆመው ሰውዬው ነው፣ አንተ አይደለህም። ጀሪካኑ አስፋልት ላይ ወደቀ። ከኋላችን ሆኖ ሲሰድብህ ሰማኸው።

«ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» አልከኝ።

«ሰካራም ነው» አልኩህ።

ውሸቴ የተጀመረው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የሱ ልጅ ነው።

ከዚያ በነጯ ወጣን፤ እዚያው አደባባይ ላይ ደረስን። ነጯ ጮኸች። ደንግጠህ ፍሬን ያዝክ፤ ሞተር ሳይክል በግራችን ሽው ብሎ አለፈ። «ይቺ መኪና ምንም በሌለበት ትጮሃለች» አልከኝና ንግግርህን ቀጠልክ። እኔ ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። ግራጫዋ የምትሻል መኪና ናት፤ ያንተ ሚዛን ልክ ነበር። ግን ግራጫዋ አትጮህም። እትዬ ደግሞ በማርሽ ትቸገራለች። ነጯ እሷ ተረክባ እስክትነዳ ድረስ አንተን ትጠብቅልኛለች ብዬ ነው።

ለምን ለኔ አልነገርከኝም ትላለህ። እንዴት ብዬ? መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በአባታችን ፒክአፕ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ሜዳ። ፍሬቻ ሳላበራ በታጠፍኩ፣ ለምልክት ያቆምካቸውን ጎማዎች በጣልኩ ቁጥር በማስመሪያህ ጉልበቴን ትመታኝ ነበር። «የቆሙት ጎማዎች ማንን ገጩ? ገጪው አንተ ነህ!» እያልክ። ዛሬ እንጀራ የምበላው በዚያ ሜዳ ነው። «ጋሼ፣ ቁም፣ አላየህም» የምልበትን አፍ ከየት ላምጣ? ተማሪ ብትሆን ከአፌ ሳይወጣ ፍሬን እይዝልህ ነበር።

ይህን ነገር በደብዳቤ አንጨርሰው። ከፈቀድክልኝ እሑድ ልምጣና ቁጭ ብለን እናውራ። ብትመታኝም ምታኝ።

ታናሽ ወንድምህ


ታኅሣሥ 18

አልነዳሁም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ አልነዳሁም። በመጨረሻው ወረቀትህ ከሁሉ በላይ የፈራኸው ይህን ስለሆነ ከሁሉ በፊት መለስኩልህ። አሁን ተንፍስ።

እሑድ እንዳትመጣ። ብትመጣ ባለቤቴ ሻይ ታቀርብልሃለች፣ አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔ እራራለሁ፣ በማግስቱ ምንም ያልተጻፈ ነገር ይዤ እቀራለሁ። አንተን አውቅሃለሁ፤ እንባ ካንተ ቅርብ ነው።

ስለ ብስክሌቱ ሰውዬ የጻፍከውን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ዋሸ ብዬ ነው። ከሥራ ወጥቼ በእግሬ አደባባዩ ጋ ሄድኩና ቆምኩ። የሚሸፍን ዛፍ ቢኖር፣ ምሰሶ ቢኖር፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ቢኖር ብዬ ፈለግኩ። የለም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ደብዳቤህን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» አለች። «እሱ እንዳይሸፋፍንልኝ ንገረው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የግቢውን በር በግራ በኩል ከጫርከው ጀምሮ። በሩን 'ማን ነው ያንቀሳቀሰው' ያልከኝ ጊዜ።»

«ከዚያ በኋላስ ስንት ጊዜ ነው ያላየሁት?»

«አልቆጠርኩም።»

«ሳትቆጥሪ ነው ከወንድሜ ጋር የተማከርሽብኝ?»

«መቁጠሩን ላንተ ትቼ እኔ ስፈራ ነበር» አለች። «ከጎንህ ተቀምጬ እግሬን ስሰበስብ አታየኝም?»

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። 'በግራህ ተጠንቀቅ' ስልህ ምን አልከኝ?»

«ምን አልኩሽ?»

«'የምታውቂበት ከሆነ ነይ ያዢው' አልከኝ። ይኸው ያዝኩት።»

እንዲህ ማለቴ ትዝ አይለኝም። ብልም በመሪ ላይ ያለ ሰው የሚለው ነገር ነው፤ ሄደሽ ተማሪ ማለት አይደለም። ያም ሆነ ይህ እሷ ቢያንስ ነግራኛለች። ይህን በሷ በኩል መዝግቤላታለሁ። ባንተ በኩል የምመዘግበው ምንም የለኝም።

በማግስቱ የሚከተለውን አደረግን። ነጯን ግቢው መሐል አቆምኳት። ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደፊት ብቻ አደረገች። እኔ በግራ በኩል ከኋላ ተነሥቼ ነጭ ሳህን ይዤ ቀስ እያልኩ ወደፊት መጣሁ። «አየሁህ» ስትል የቆምኩበትን መሬት በጠመኔ አሰመርኩበት። ከዚያ ቦታ ተለዋወጥን። እኔ መሪው ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ሳህኑን ይዛ መጣች። «አየሁሽ» ስላት አሰመረች። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አንገቱን ብቅ አድርጎ «ምን እየተጫወታችሁ ነው?» አለን። «ሳህን እያጠብን» አለችው።

በቀኝ በኩልም ደገምነው። በቀኝ በኩል ሁለቱ መስመሮች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በግራ በኩል አንድ አይደሉም። ምን ያህል እንደሚራራቁ በሜትር ለክቼዋለሁ። ቁጥሩን ላንተ አልጽፍም። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ቁጥሩ የሱ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ዓይኔ የምነግርህ የለኝም፤ አንተም ስለኔ የምታውቀውን ለኔ አልነገርከኝምና።

ይህን ስጽፍልህ ልክ ነበርክ ማለቴ እንዳይመስልህ። አሁን ወደ በደልህ ልምጣ።

እኔ ዘንድ ኮንክሪት ሲወድቅ ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰማው ናሙናውን ያመጣው ሰው ነው። ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ይሰማል ግን። ለጎረቤቱ አንነግርም። ለሚስቱ አንነግርም። ለሲሚንቶ ሻጩ አንነግርም! አንተ ፈተንከኝ፤ እየፈተንከኝ እንደሆነ አልነገርከኝም። ጣልከኝ፤ መጣልህን አልነገርከኝም። ውጤቴን ለሚስቴ ነገርካት፣ ከዚያ አልፈህ የማላውቀው የመኪና ሻጭ እንዲያውቀው አደረግክ። እኔ ከሁላችሁ በኋላ፣ ቁልፌን ስቀበል፣ ከሻጭ አፍ ሰማሁት። ስለኔ ዓይን ከኔ ይልቅ ሻጩ ያውቅ ነበር።

ተማሪዎችህንስ እንደዚህ ነው የምታደርጋቸው? ያቺን ሞተር የምታጠፋ ልጅ ብትወድቅ በሯን ከፍተህ፣ ዓይኗን እያየህ «ወድቀሻል፣ በዚህ በዚህ ምክንያት» ትላታለህ። ስታለቅስም አይተሃል። ከሷ ያነስኩት በምንድነው? ማስመሪያ ፈራሁ ትለኛለህ። አንተ አሁን አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ጉልበትህን ማንም አይመታውም።

ከዚህም የባሰውን ስማ። ያን ቀን አደባባዩ ላይ አላየም ካልክ በኋላ ምን አደረግክ? በአሮጌዋ መኪናዬ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘሁህ። ገብተህ ተቀመጥክ፣ ቀበቶህን አሰርክ፣ ሬዲዮ ከፈትክ። ከዚያ ወርደህ ሄድክ። ነጯ እስክትመጣ ድረስ ያለፈውን ጊዜ ሁሉ እኔ በዚያችው በማትጮኸው መኪና፣ በዚያው አደባባይ፣ ሚስቴን ከጎኔ አስቀምጬ ስነዳ ከረምኩ። ሁለት ነገር ነው ያለው፤ ሦስተኛ የለም። ወይ አላይም፣ አንተም እያወቅክ በሰው መሐል ለቀቅከኝ። ወይ አያለሁ፣ አንተ ለሻጭ ስሜን አጠፋህ። ሁለቱን በአንድ ላይ ይዘህ ወንድሜ ልትባል አትችልም። «ነጯ ትጠብቅልኛለች» ብለሃል። የምጠብቅህ አንተ መሆን ነበረብህ፤ አንተ ግን ሥራህን ለሚጮህ ዕቃ ሰጥተህ አውቶቡስህ ላይ ወጣህ።

አሁን ያለነው እንዲህ ነው። ጠዋት እሷ ነጯን ይዛ ትወጣለች። በሩ ላይ ትቆምና «ግባ፣ መንገዴ ነው» ትለኛለች። ጥሩ አድርጋ ነው የምትይዛት፤ ይህን ለሷ አልነገርኳትም፣ አንተም እንዳትነግራት። እኔ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እሄዳለሁ። ትናንት እየዘነበ ነበር። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ በእግሬ ልክ እያዘገመች ተከተለችኝ፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርግባታል። «የሰው መሳቂያ አታድርገኝ፣ ግባ!» አለችኝ። አልገባሁም። ከእሷ ጋር አልተጣላሁም። ግን በዚያ መኪና በየትኛው ወንበር እንደምቀመጥ በሻጭ ወሬ አይወሰንም። የሚወስን ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ይፈርምበት።

ስለዚህ የምፈልግብህ ይህ ነው። «ይቅርታ» አልፈልግም፤ ካሁን በፊት የላክኸው ይበቃኛል። የልጅነት ወሬም አልፈልግም። ለማንኛውም ተማሪህ እንደምታደርገው፣ የዚያን ቀን አነዳዴን ከተነሣንበት እስከ ወረድንበት ጻፍልኝ፤ የትኛው ልክ እንደነበር፣ የትኛው ስህተት እንደነበር። ከታች አንድ ቃል፤ «አልፏል» ወይም «ወድቋል»። ከዚያ ስምህ፣ የሙያ ፈቃድህ ቁጥርና ፊርማህ። «እንደ ወንድም ሳየው» የምትል ሐረግ ካለችበት ሳላነብ እመልሳታለሁ።

«ወድቋል» ካልክ፣ መንጃ ፈቃዴን ራሴ ወስጄ አስረክባለሁ፤ ማንም ከኪሴ አያወጣልኝም፣ ማንም ለማንም አይነግርልኝም። በማግስቱም ከሚስቴ ጎን እገባለሁ። «አልፏል» ካልክ ደግሞ ትመጣለህ። ከጎኔ ትቀመጣለህ፣ ሚስትህንና ልጅህን ከኋላ ታስቀምጣለህ፣ እኔ እነዳለሁ፣ ያን አደባባይ እንዞረዋለን።

የጽሑፍ መልስህ እስከ ጥር 5 እጄ ይግባ።

ታላቅ ወንድምህ